ከሮቦቱ ክፍል እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ከፒያሳ ወደ መርካቶ በምትወርድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን፤ የመኪናው ጡሩምባ በረታ። ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ መጮህ ጀመረ። «ምን ዓይነት ቅብጠት ነው!» አሉ አንድ አባት። «እህቴ፣ ጸበል ውሰጂው» አለች ሌላዋ። «ይቅርታ፣ ኦቲዝም አለበት» አለች እናቱ ቀስ ብላ። ድልድዩን እንደተሻገርን «ወራጅ አለ» ብላ ልጇን ይዛ ወረደች። ሒሳብ የከፈለችው ግን እስከ መርካቶ ነበር።

እንዲህ ያሉ ልጆች ከሰው ጋር መግባባትን በሮቦት ስለሚለማመዱበት ሕክምና ባነበብኩ ቁጥር ያቺ እናት ትመጣብኛለች። ሐሳቡ መልካም ነው። የሰው ፊት በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ ለእነዚህ ልጆች ያ ይከብዳል። የእንግሊዙ ኸርትፎርድሸር ዩኒቨርሲቲ የሠራው ካስፓር የተባለ ሮቦት ሆን ተብሎ ቀለል ያለ ፊት ተሰጥቶታል፤ አንዱን ጨዋታ መቶ ጊዜ ቢደግም አይሰለችም፣ አይቆጣም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ በ12 ልጆች ቤት ሮቦት አስገብቶ ለ30 ቀናት፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ አጫወታቸው። ልጆቹ ሮቦቱ በሌለበትም ከአዋቂ ጋር አንድን ነገር አብሮ በመመልከት ተሻሻሉ። እኔን የገዛኝ ግን አሳዳጊያቸው በጨዋታው ላይ አብሮ መቀመጡ ነው። ሮቦቱ ልጁን የሚመልሰው ወደ እናቱ ነበር።

እንዲህ ያሉ ልጆችን የማስተማሩን ሥራ በአገራችን፣ ያለ ማሽን፣ የጀመረችው ዘሚ የኑስ ናት። ለልጇ ለጆጆ የሚሆን ትምህርት ቤት ብታጣ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ሮቦት ይምጣ ከተባለ የሚገባው እንዲህ ባሉ ማዕከላት፣ በሠለጠነ መምህርና በወላጅ መካከል ነው። ቋንቋውም የልጁ የቤት ቋንቋ ይሁን። አያቱ የሚጠብቁት «እንደምን ዋልክ» ተባብሎ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ነውና። ለዚህ ባለሙያ አናጣም፤ ለዝነኛዋ ሮቦት ለሶፊያ ሶፍትዌር የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች ሠርተዋል።

ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ለመምህራንና ለወላጆች ሥልጠና ይዋል እላለሁ። ልጁ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሰላምታ ቢለማመድም፣ የሚወጣው ወደ እኛ ታክሲ ነው። ያን ዕለት ሾፌሩ ጡሩምባውን ለአፍታ ቢተው፣ አባትየውም አንዴ ቢታገሡ፣ ልጁ መርካቶ በደረሰ ነበር። እናቱ ይቅርታ ስትጠይቅ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልኩ።