ካቻቢቴ ይዞ ባሕር ስለ መሻገር



ባለፈው ሳምንት ለማኅበራችን ኮሚቴ አንድ ማመልከቻ ቀርቦልናል። አመልካቹ እዚሁ መሐል ሜዳ ላይ ሬዲዮውንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱንም የሚጠግንልን፣ በሌሊት ሳይቀር በሩን እያንኳኳን የምናስቸግረው ወጣት ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጠየቀውም ከማኅበሩ ሣጥን ብድር ተሰጥቶት ወደ ሳውዲ ዓረብያ እንዲሄድና እዚያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ሱቅ እንዲከፍት ነው። ገንዘቡ የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅን ነበር፤ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ነገሩ የሚወሰነው በጠቅላላ ስብሰባ በመሆኑ፣ እኛ የኮሚቴው አባሎች ያለንን አስተያየት አስቀድመን በዚህ ሰሌዳ ላይ ብንገልጽ ይሻላል ብለን ይህን ጽፈናል። የማይስማማ ካለ በስብሰባው ላይ ይሞግተን፤ ቅር አይለንም።

በቅድሚያ ልጁን የማንወቅስ መሆናችን እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ መሬቱ ለአራት ወንድማማቾች ተከፋፍሎ ለአንዱም ሳይበቃ ሲቀር፣ ሰው ዓይኑን ወደ ውጭ ቢያማትር ምኑ ይገርማል? በሰፈራችን ዓረብ አገር ልጅ ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። ስንቱ ጎጆ ቆርቆሮ የለበሰው፣ ስንቱ ሕፃን ደብተር የተገዛለት ከዚያ በመጣ ገንዘብ ነው። ይህን የሚክድ ሰው በዚያው ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ይክዳል።

የልጁንም እጅ እናውቀዋለን። ባለፈው ክረምት የወፍጮው ሞተር እያጓራ አልዞር ሲል፣ ባለወፍጮው ደጋግሞ ሊያስነሣው ይታገል ነበር። ልጁ ድምፁን ከመንገድ ሰምቶ ሮጦ ገባና «ኧረ አጥፉት! አንዱ መስመር ጠፍቷል» አለ። ባለሦስት መስመር ሞተር አንዱ መስመር ሲጠፋበት ቆሞ ከሆነ ያጓራል እንጂ አይነሣም፤ በቀሩት መስመሮች የሚገባው ኃይል ከልክ በላይ እየሆነ ጥቅልሉን ያቃጥለዋል። ያን ቀን ባይደርስ ኖሮ ሞተሩን በመኪና ጭኖ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ድረስ ማመላለስ፣ እስኪመለስም እህል ተሸክሞ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ መንከራተት ነበር። ይህን ከእናቶቻችን የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጥያቄው እጁ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው አይደለም። ጥያቄው ሱቁ የማን ይሆናል የሚለው ነው።

ደላላው ለልጁ የነገረው ነገር እንዲህ ነው፤ «በሹፌር ቪዛ ትገባለህ። አንድ የአገሬው ሰው በስሙ የንግድ ፈቃድ ያወጣልሃል። አንተ ትሠራለህ፣ ለእርሱ በየወሩ ትቆርጥለታለህ፣ የቀረው የራስህ ነው።» ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን ልጁ ያልተነገረው አለ። በሳውዲ ዓረብያ የውጭ ሰው በአገሬው ሰው ስም ተሸሽጎ መነገዱ ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕጋቸው ለዚህ ጥፋት እስከ 5 ዓመት እሥራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ደንግጓል። ስሙን ያከራየውም፣ የተከራየውም ይቀጣሉ፤ የውጭው ሰው ደግሞ ቅጣቱን ጨርሶ ከአገር ይባረራል፣ ለሥራ ተመልሶ እንዳይገባም ይከለከላል። የውጭ ሰው በራሱ ስም መነገድ ጨርሶ አይችልም ማለታችን አይደለም፤ በኢንቨስትመንት ሚኒስቴራቸው ተመዝግቦ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ያ መንገድ የኩባንያ መንገድ ነው፤ ከማኅበር ሣጥን ተበድሮ አንድ ጠረጴዛና አንድ ቴስተር ይዞ ለሚነሣ ልጅ የሚሆን አይደለም። በዚህ እነርሱን ብቻ መውቀስም አይገባም። በእኛም አገር ለአገር ልጅ ብቻ ተከልለው የተቀመጡ የሥራ መስኮች አሉ።

ከሕጉ በፊት ደግሞ ሰውየው አለ። ፈቃዱ በስሙ ነው፣ የሱቁ ኪራይ ውል በስሙ ነው፣ ዕቃውም በስሙ ነው የተገዛው። ገበያው የደራ ዕለት «ውጣልኝ» ቢለው ልጁ ለማን ይከሳል? ክስ ቢያቀርብ መጀመሪያ የሚታሠረው ራሱ ነው። እኛ ገንዘባችንን የምናበድረው ለልጁ መስሎን፣ ለካ አይተነው ለማናውቀው ሰው ሱቅ እየከፈትንለት ነው።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የሳውዲ መንግሥት ወረቀት ላልነበራቸው ሰዎች ሰጥቶት የነበረው የምሕረት ጊዜ እንዳለቀ አፈሳ ተጀመረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙዎቹ ዓመት ሙሉ የሠሩበትን ደመወዝ ሳይቀበሉ፣ ቤት ያፈሩትን ዕቃ ሳይሰበስቡ በፌስታል ልብስ ይዘው ነው የወረዱት። ደመወዙን ትቶ የመጣ ሰው እጁን ይዞ መጥቷል፤ ሱቁን ትቶ የሚመጣ ሰው ግን ዕዳውን ይዞ ነው የሚመጣው። የዚያ ዕዳ ባለቤቶች ደግሞ እኛው ነን።

ሳውዲ ካልሆነ ሌላ አገርስ? የሚል ይኖራል። ጁባን የሚያነሡ አሉ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ነፃ አገር ስትሆን ብዙ የአገራችን ሰዎች ሆቴልና ሱቅ ከፍተውባታል። ከተማይቱ ለብዙ ዘመን በጄኔሬተር የምትበራ ስለነበረች ጄኔሬተር የሚያውቅ ሰው ሥራ አላጣባትም። ዳሩ ግን በታኅሣሥ 2013፣ ደግሞም በሐምሌ 2016 (ሁለቱም በፈረንጅ) ጦርነት ከዚያችው ከተማ ተነሥቶ ስንቱ ንብረቱን ጥሎ ወጣ። ደቡብ አፍሪካን የሚያነሡም አሉ፤ እዚያ ደግሞ በ2008 እና በ2015 በውጭ ሰዎች ሱቅ ላይ የደረሰው ዝርፊያ የወገኖቻችንንም ሱቅ አልማረም። እዚያው አገር የተሰኪ ዕቃ መጠገንና የቤት መስመር መዘርጋት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የቤት መስመር የሠራ ሰው የደኅንነት ማረጋገጫ ወረቀት መስጠት አለበት፤ ያን ወረቀት የሚፈርመው ደግሞ በመንግሥት የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው። በአሜሪካም በብዙዎቹ ግዛቶች የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈቃድ የሚያገኘው 4 ዓመት ገደማ በሌላ ባለሙያ ሥር ተለማምዶና ተፈትኖ ነው። ሰው እጅህን አሳየኝ ከማለቱ በፊት ወረቀትህን አሳየኝ ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው ራሱ አንድ ነገር እናንሣ፤ ብዙ ቤት የሚነካ ነውና። የሳውዲ መብራትና የእኛ መብራት አንድ አይደሉም። የእኛው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የእነርሱ 60 ኸርዝ ነው፤ በድሮው የቤት መስመራቸው ላይ ደግሞ 127 ቮልት የሚሉት አለ። አንዲት እኅታችን ከሪያድ የላከችውን የጁስ መፍጫ እናቷ ሰክተው ጭስ በጭስ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሥሩ 127 ተብሎ ተጽፎበታል፣ ግን ማን አይቶት? ሞተር ያለበት ዕቃ ደግሞ ቮልቱ ቢገጥም እንኳ ችግሩ አያልቅም። በ60 ኸርዝ በደቂቃ ወደ 1800 ዙር እንዲዞር የተሠራ ሞተር፣ በ50 ኸርዝ ወደ 1500 ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን የሚስበው ኃይል አይቀንስም፣ ይባስ ብሎ ጥቅልሉ ይግላል። «አሮጌ ላኩብን» እያልን የምናማርራቸው ልጆቻችን አዲስ ነበር የላኩት። ይህን ለሰፈሩ ያስረዳው ይኸው አመልካች ነው። ታዲያ እርሱም እዚያ ሲደርስ በግምት የለመደው ሁሉ አይሠራለትም፤ አዲስ ትምህርት ያስፈልገዋል። በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ቢማረው ስሕተቱን ባለሱቁ ይችልለታል። በራሱ ሱቅ ቢማረው የሰው ፍሪጅ እየከፈለ ነው።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ እኛም አገር እንዲህ ያለ ሱቅ የከፈቱ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ከወረራው በኋላ አገራችን የቀሩ ጣሊያኖች ጋራዥና ወርክሾፕ ከፍተው ኖረዋል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባልቦላ የምንላቸው ቃላት የቀሩልን ከእነርሱ ነው። ያገራችን ልጆችም በነዚያ ወርክሾፖች ቁልፍ ከማቀበል ጀምረው ነው ባለሙያ የሆኑት። ሰው አገር ሄዶ ባለሱቅ መሆን የማይቻል ነገር አይደለም ለማለት ነው ይህን ያነሣነው። ግን በራስ ስም ሲሆን ነው።

በኮሚቴያችን ውስጥ በዚህ ነገር አንድ ልብ አይደለንም። አንድ አባላችን፣ በዕድሜም ከሁላችን የሚበልጡ፣ «ብድሩን ብንከለክለው በእግሩ ይሄዳል፤ በአፋር አድርጎ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን ይገባል። ያኔ በእጃችን ያለው ልጅ ነው የሚጠፋው» ብለዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት በየመንና በሳውዲ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መገደላቸውን ገልጿል፤ የሳውዲ መንግሥት አላደረግሁም ብሏል። የልጁም እናት ይህን ሰምተው እንቅልፍ አጥተዋል። እኛ ለጋሼ የምንመልሰው፣ ገንዘቡን ከልክለን ባዶ እጁን እንስደደው አላልንም የሚል ነው። ብድሩ ይሰጠው፣ ግን ለሌላ ነገር ይሰጠው ነው የምንለው።

ይኸውም እንዲህ ነው። ልጁ ሙያውን የለመደው ከአጎቱ ነው፤ በእጁ አንድም የምስክር ወረቀት የለውም። በመጀመሪያ ደብረ ብርሃን ካለው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የጎደለውን ትምህርት ይጨምር፣ በተለይም የሞተር ጥቅለላን። የተቃጠለ ሞተር አፍርሶ ዙሩን ቆጥሮ፣ የሽቦውን ውፍረት ለክቶ፣ እንደ ነበረ መልሶ መጠቅለልን ደህና አድርጎ ቢማር ለእኛም ለእርሱም ነው። ከዚያ የብቃት ማረጋገጫውን፣ ሲኦሲ የሚሉትን፣ ይፈተን። የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውንና የፈተናውን ወጪ፣ እንዲሁም ደህና ቴስተርና የመጠቅለያ መሣሪያ መግዣውን ማኅበሩ ያበድረው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ደላላው ከጠየቀው በጣም ያነሰ ነው።

ከዚያም በኋላ ልሂድ ካለ ይሂድ። ግን ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት በተጻፈ ውል ይሂድ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንና የመሄጃ መመለሻውን ትኬት ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ እንጂ በሠራተኛው ላይ አይደለም። ደላላው ግን ከጠየቀው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የቆጠረው ለቪዛና ለትኬት ነው! ይህን ያነበበ ሰው ደላላው ምን ዓይነት ደላላ እንደሆነ ይገባዋል።

ውሉ ላይ የሚጻፈው የሥራ ዓይነትም ዋና ነገር ነው። ሳውዲ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ በድርጅት የተቀጠረ ሠራተኛ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ያለ አሠሪው ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ እንዲዛወር ፈቅዳለች። ይህ የተሻሻለ ደንብ ግን የቤት ሠራተኛን፣ የቤት ሹፌርን፣ እረኛንና አትክልተኛን አልጨመረም። ስለዚህ በሹፌር ቪዛ ገብቶ ካቻቢቴ የያዘ ልጅ ገና ከመጀመሪያው ከውሉ ውጭ ነው፤ ከአሠሪው ጋር ቢጣላ መሄጃ የለውም። ያው ልጅ በሙያው ተጽፎለት ቢገባ ግን ዓመት ጠብቆ ወደሚሻለው ይዛወራል፣ ሥራውን ይለምዳል፣ ገንዘብ ያጠራቅማል። ሱቅ የሚለውን ነገር ያን ጊዜ በራሱ ገንዘብና በራሱ ስም ያስብበት፤ እዚያም ይሁን ደብረ ብርሃን።

ደብረ ብርሃን ያልነው በከንቱ አይደለም። ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀምሮ እስከ ቢራውና በ2011 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ድረስ፣ ሞተር የማይዞርበት ፋብሪካ የለም። ሞተር ካለ የሚቃጠል ሞተር አለ። ገቢው የሪያል ያህል ይሆናል ብለን ልጁን አንዋሸውም፤ አይሆንም። ይህን አውቆ ይወስን።

አንድ ነገር ግን ከልጁ እንጠይቃለን። ብድሩን ከመውሰዱ በፊት ከሰፈራችን ሁለት ልጆች መርጦ፣ አንዷ ሴት ብትሆን ደስ ይለናል፣ ምጣድና የቤት መስመር ጥገና ያስተምርልን። ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፤ ሽቦው ሲበጠስ በየቤቱ ቋጥሮ መሰካት ተለምዷል፣ ሶኬቱም ሲቀልጥ አይተናል። እርሱ ሲሄድ ይህን የሚያይልን ሰው መኖር አለበት።

ስብሰባው በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ነው። ልጁም እናቱም ይገኛሉ። ዓረብ አገር ሠርታችሁ የተመለሳችሁ እኅቶችና ወንድሞች በተለይ እንድትመጡልን እንለምናለን፤ ከእኛ ንባብ ይልቅ የእናንተ ያያችሁት ይበልጣል። የተበላሸ ምጣድ ያላችሁ ግን እባካችሁ በዚያን ዕለት ይዛችሁበት አትምጡ።

የማኅበሩ ኮሚቴ