የማን ድብ ነው?
በካናዳዋ ዊኒፔግ፣ በዲሴምበር፣ ፀሐይ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው የኢኑይት (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) ጥበብ ማዕከል፣ ቃውማጁቅ፣ የሚደምቀው ያኔ ነው፤ ሦስት ፎቅ በሚያህለው የመስታወት ግምጃ ቤቱ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች በመብራት ፈክተው ከመንገድ ይታያሉ። ሌሎች ከተሞች በክረምቱ ጨለማ አደባባያቸውን በመብራት በተሠራ የዋልታ ድብ ያሸበርቃሉ፤ ልጆች ፎቶ ይነሱበታል (ክፋት የለውም)፣ ወቅቱ ሲያልፍ መጋዘን ይገባል። የማን ድብ እንደሆነ ግን ጠያቂ የለውም። በካናዳ አርክቲክ በምትገኘው ኪንጋይት የኖረው ኢኑይት ቀራፂ ፓውታ ሳይላ ግዙፉን አውሬ በአንድ እግሩ አቁሞ በድንጋይ ያስጨፍረው ነበር፤ እንዲህ ያለው ድፍረት ድብን ከሚያውቅ አዳኝ እጅ እንጂ ከካታሎግ አይገኝም። የማዕከሉን የመክፈቻ ዐውደ ርእይ ያሰናዱትም አራት ኢኑይት ኩሬተሮች ናቸው። የከተማ ሹሞች የመብራት በጀት ሲያጸድቁ መጀመሪያ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ቢደውሉ ይሻላል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ኋላ ይደርሳል።