ምንሽርና ክላሽ፦ ዒላማው የማን ነው?

በጋሸና፣ ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀው መንገድ የላሊበላውን ቅርንጫፍ በሚለይበት በዚያ ነፋሻ ደጋ፣ የጠመንጃ ወግ በተነሣ ቁጥር ሸንጎው በሁለት ይከፈላል፤ ዕድሜ የጠገቡት ቃታው በእጅ የሚሳበውንና በእጅ የሚመለሰውን ምንሽርና ቤልጅግ እያነሡ «እሱ መቼ ይስታል!» ሲሉ፣ ጐልማሶቹ ደግሞ ቀለሁን ራሱ ተፍቶ ራሱ የሚያቀባብለውን መሣሪያ ያወድሳሉ። እኔ የሁለቱንም ወገን ቃል በአክብሮት ከሰማሁ በኋላ የምለው፣ የዒላማ ነገር ከቃታው ይልቅ በጥይቱና በተኳሹ ልቡና ያደረ ስለ ሆነ፣ ክርክሩ ገና ከመነሻው ቦታውን ስቷል ነው።

ነገሩን ከብረቱ እንጀምር። በእጅ የሚቀባበለው ጠመንጃ፣ ምላጩ ከተሳበበት ቅጽበት ጀምሮ እርሳሱ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ድረስ፣ ጥይቱን ከሚወጋው መርፌና እርሱን ከሚገፋው ሽቦ በቀር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ቃታው ተቆልፎ ይጸናል፤ የባሩዱም ኃይል ሁሉ ከእርሳሱ በኋላ ይውላል። ራሱ የሚያቀባብለው ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ በቱቦው ላይ ከተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ጥቂት ጋዝ ወስዶ፣ በዚያ ጋዝ ዘንግ ገፍቶ፣ በዘንጉም ቃታውን ወደ ኋላ መልሶ ቀለህ ያወጣል፤ አዲስ ጥይትም ያጐርሳል። በቱቦው ላይ የተንጠለጠለው ይህ ዕቃ የብረቱን ንዝረት መለወጡ እውነት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሳያውቁት ከሊቃነ መካኒክ ጋር የሚስማሙበት ነጥብም ይኸው ነው። ነገር ግን እርሳሱ ከቱቦው ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺኛ እምብዛም የማይበልጥ በመሆኑ፣ ቃታው ጉዞውን ሳይፈጽም እርሳሱ አስቀድሞ ሄዷል፤ መናወጡም በአብዛኛው የሚተርፈው ለሚቀጥለው ጥይት ነው።

የልዩነቱ ልክ ምን ያህል ነው ቢባል፣ በደህና ጥይት፣ በ100 ሜትር ላይ፣ በጥንቃቄ የተሠራ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ጥይቶቹን ሦስት ሳንቲ ሜትር በምታህል ስፍራ ሲሰበስብ፣ ክላሽ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበትናቸዋል። ይህን የሰማ ሰው ፈጥኖ ለሽማግሌዎቹ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ግን የችኮላ ነው። በዛሬው ዘመን ለአነጣጣሪዎች ተብለው የሚሠሩ፣ ራሳቸው የሚያቀባብሉ ጠመንጃዎች ወደዚያው ወደ ሦስቱ ሳንቲ ሜትር ተጠግተዋልና፤ የክላሽም ጉድለት በአቀባበሉ ብቻ የመጣ አይደለም። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት 38 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የአሜሪካው ኤም ዋን ግን ራሱ የሚያቀባብል ሆኖ ሳለ 71 ሳንቲ ሜትር ያህል አለው፤ ስለዚህ ዓይን በአንዲት ፀጉር ስፋት ብትስት፣ ስሕተቱ በክላሽ ላይ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ማንም ቃታውን ሲወቅስ ይህን አያነሣም።

ታዲያ የአሮጌው ጠመንጃ ዝና ከየት መጣ? በእኔ ግምት ከጥይት እጦት ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የሠሩት፣ የእኛ ሰው ውጅግራ የሚለው ጠመንጃ በአንድ ጊዜ የሚጐርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነበር፤ ያችም ጥይት በዚያ ዘመን በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው የምትመነዘር ገንዘብ ስለ ነበረች፣ ምላጭ የሚስብ ሰው ገንዘቡን እንደሚወረውር ያውቅ ነበር። ቀለሁ እንኳ አይጣልም ነበር፤ ተለቅሞ ዳግመኛ ይሞላል፤ እንዲህ በእጅ የተሞላ ጥይት ደግሞ ከፋብሪካው ይልቅ ዒላማ የሚስት ነው። እንግዲህ በመጥፎ ጥይት መልካም ተኳሽ የተባለው ያ ትውልድ ምስጋናው ለብረቱ ሳይሆን ለትዕግሥቱ፣ ምናልባትም ለድህነቱ፣ ሊሆን ይገባል።

ላስታና ዋድላ ለዚህ ነገር የራሳቸው ምስክር አላቸው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከጋሸና ብዙ በማይርቀው በዋድላ ደጋ በኩል አልፎ፣ ደላንታን ተሻግሮ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲጋጠም፣ የእንግሊዝ እግረኞች የያዙት ስናድር በዓይነቱ አዲስ ነበረ፤ ነገር ግን ቱቦው ያው ከአፉ የሚጐርሰው የኤንፊልድ ቱቦ ነበርና፣ ኋላው ተከፍቶ እንዲጐርስ መደረጉ ከዒላማው ይልቅ ያፋጠነው ተኩሱን ነው። ፊታውራሪ ገብርዬና 700 ያህል ወታደሮች በዚያ ቀን ወድቀዋል፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ያነበበ ሰው «መሣሪያ ሁሉን ያደርጋል» ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነውን ደግሞ ያንብብ። ከዋግና ከላስታ የተነሡት ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ በቁጥር እጅግ የበለጠ ሠራዊት ይዘው ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በአሳም ከደጃዝማች ካሣ ጋር ሲጋጠሙ ድል የሆኑት፣ ካሣ ከናፒየር ስንብት ባገኙት መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ጆን ኪርክሃም የተባለው እንግሊዛዊ ወታደሮቻቸውን በሥርዓት ስላሠለጠነላቸው ጭምር ነው። ናፒየር የተዉላቸው ጠመንጃ ደግሞ በአሮጌ የታየው አዲሱ አልነበረም፤ ጊዜው ያለፈበት ነበር እንጂ።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም፣ በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ ከሠለጠነው ከክብር ዘበኛ ተመልምሎ፣ በዚያ ስምንት ጥይት የሚጐርሰውን ኤም ዋን ተቀብሎ ተዋግቷል፤ ጠመንጃው ቢለወጥም ጥይት የሚቈጥር ልማዱ አብሮት የተሻገረ ይመስለኛል።

ደግሞም በእኛ አገር የመሬቱ ጠባይ ከማንኛውም ቃታ ይልቅ ዒላማን ይፈትናል። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በቆላ ጠረፍ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ በደጋ ላይ ከፍ አድርጎ ይመታል፤ ከአፋፍ ወደ ሸለቆ፣ ወይም ከሸለቆ ወደ አፋፍ ሲተኮስም ምድር እርሳሱን የምትስበው በአግድሙ ርቀት ልክ በመሆኑ፣ ሰያፉን ርቀት አስልቶ ያነጣጠረ ሰው ከዒላማው በላይ ያሳልፋል። ከገደሉ ሥር የሚነሣውን ነፋስ ጨምሩበት። እነዚህን ሦስቱን ያላወቀ ተኳሽ የቱንም ጠመንጃ ቢይዝ ይስታል፤ የምንሽር ባለቤት ያወቃቸው ከአንድ ጥይት በኋላ ሁለተኛዋን ለመተኮስ ብዙ ማሰብ ስለ ነበረበት ነው።

ስለዚህ ራሱ የሚያቀባብለውን ጠመንጃ የምወቅስበት ነጥብ አለ፤ ነጥቡም ጣትን ከልቡና ቀድማ እንድትሮጥ መፍቀዱ ነው። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ተኩስ የዚህ ፍሬ ነው፤ ክላሽ የተኰሰው እርሳስ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሄድ የሚችል ሲሆን፣ ተኳሹ የት እንደሚያርፍ ሳያውቅ ይስቃል። ጋሸና በ2014 ዓ.ም. የጦር ግንባር በሆነችበት ወራት ሕዝቡ ከሚገባው በላይ የጥይት ድምፅ ሰምቷልና፣ በደስታው ቀን እንኳ ሊያርፍ አይገባውምን?

የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ይደክማል፤ ይህ መልካም ነው። እኔ የምጨምረው፣ ለቀበሌ ሚሊሻ አዲስ ጠመንጃ ከማደል አስቀድሞ፣ አዋቂ መምህር ባለበት፣ ከመንደር ርቆ በተከለለ የዒላማ ሜዳ፣ ጥቂት ጥይት ተቈጥራ ትሰጠውና ያመከናት እያንዳንዷ ለምን እንደ መከነች ይጠየቅ ነው። ለሠርጉና ለለቅሶው ተኩስ ደግሞ ከፖሊስ ይልቅ ዕድሩ ይቀርባል፤ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በእያንዳንዱ ጥይት መቀጫ ቢያስገባ፣ ቀለሁን ለቅመው የሚቈጥሩ ሽማግሌዎች በመንደሩ አይታጡም።