ሾተሉ አለ፤ ጋሻው የት ሄደ?

በእኛ ትምህርት ክፍል ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ጆሯችን እስኪደነቁር የምንሰማው ቃል ቢኖር «ሚዛናዊነት» ነው። ዜናው እውነት ይሁን፣ ሚዛኑንም ይጠብቅ እንባላለን። የሚገርመው ጌም የሚሠሩ ሰዎችም እንቅልፍ የሚያጡት በእነዚሁ በሁለቱ ቃላት ነው። መሣሪያው እውነተኛውን ይምሰል ወይስ አንዱ ተጫዋች ሌላውን በመሣሪያ ብቻ እንዳይደፈጥጠው ሚዛኑ ይጠበቅ? «ጌም ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠኝ። ነገሩ ከጋይንት ዳገት ድረስ የሚደርስ ነው።

ከእኛው ሾተል እንጀምር። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የተባለው የስትራቴጂ ጌም በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ጭማሪው ኢትዮጵያውያንን አስገባ። ዮዲትን ዋና ባለታሪክ ያደረገ ዘመቻም አለው። ልዩ ተዋጊያችን «ባለ ሾተሉ» ሆነ። ቁጥሩ በየማሻሻያው የሚቀያየር ቢሆንም መነሻው እንዲህ ነው፦ የማጥቃት ጉልበቱ 16፣ መከላከያው ዜሮ፣ ተመልምሎ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ 8 ሰከንድ። የሌሎች አገሮች የመጨረሻው እግረኛ ባለ ሰይፍ ጉልበቱ 13 ነው፤ ግን መከላከያ አለው፣ ለመውጣትም 21 ሰከንድ ይወስዳል። በአጭሩ የእኛው ሰው ቶሎ ይወጣል፣ አጥብቆ ይመታል፣ ቶሎ ይሞታል። በሒሳብ ካየነው ሚዛኑ ልክ ነው። ችግሩ ከእውነቱ ጋር ነው።

ሾተል ለምን እንደ ማጭድ ቆለመመ? ለውበት አይደለም። ባላጋራው ጋሻውን ሲደቅን ከጋሻው ዳር አልፎ፣ ዞሮ እንዲወጋ ነው። ስለዚህ የሾተል ታሪክ ያለ ጋሻ አይተረክም። የእኛ ጋሻ ደግሞ ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከበሬ ቆዳ የሚሠራ፣ እንደ ባለቤቱ ማዕረግ በብር የሚያጌጥ ነበር። ጥሩር የሚባለው የብረት ልብስ በቋንቋችን ስሙ ቢኖርም ተራው ወታደር የሚመካው በጋሻው ነው። «ጋሻ ጃግሬ» የሚባል ሰው ነበረን፤ የመሬት መለኪያው እንኳ «ጋሻ» ይባል ነበር፤ 40 ሄክታር ገደማ። አገር በጋሻ እየለካ የኖረ ሕዝብ ጌም ውስጥ መከላከያው ዜሮ ሆኖ ቁጭ አለ!

አሁን ደግሞ ሌላውን እንይ። «ዳርክ ሶልስ» በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የጃፓን ጌም ነው። ዓለሙ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ነው፤ ዘንዶ እንጂ ኢትዮጵያ የምትባል አገር የለችበትም። ሾተል ግን አለበት። ሾተሉን የያዘ ተጫዋች አስተካክሎ ሲሰነዝር ምቱ የባላንጣውን ጋሻ አልፎ ይገባል። በዚያ ላይ መሣሪያውን ለመያዝ ከጉልበት ይልቅ ቅልጥፍና ይጠየቃል። ልብ በሉ! ስማችንን የያዘው የታሪክ ጌም የሾተልን ባሕርይ ሲጥለው፣ ስማችንን ያልጠራው የተረት ጌም ጠብቆታል። ሚዛኑም አልፈረሰም፤ መሣሪያው ለመልመድ ስለሚያስቸግር ጥቅሙን በችግሩ ይከፍላል። ከዚህ የምረዳው እውነትና ሚዛን የግድ ጠላቶች አለመሆናቸውን ነው።

ጓደኞቼ ይህን ስላቸው «ጌም እኮ ጌም ነው፤ ሁሉ ነገር እውነት ከሆነ ማን ይጫወታል?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ በከፊል። እውነተኛው ጦርነት ሚዛን የለውም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ስናይደር ጠብመንጃ ከያዘው የእንግሊዝ ጦር ጋር ሲገጥም ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል፤ ከእንግሊዞቹ የሞቱት 2 ናቸው። ይህን እንዳለ ጌም አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴም፣ ገዝቶ የሚጫወት ሰውም አይገኝም። ቁስሉን፣ ረሃቡን፣ በሽታውን ሁሉ እንዳለ አምጡት አላልኩም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ሚዛኑን ከየት ነው የምናመጣው? ከባዶ ቁጥር ወይስ ከነገሩ ከራሱ?

እዚህ ላይ ነው የጋይንት ዳገት የሚመጣው። ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች የተሠራ መድፍ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፉ በሠረገላ ሆኖ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት ይጎተት ነበር። መንገድ ስላልነበረ ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን እየፈለጡ መንገዱን የሠሩት እየሄዱ ነው። መቅደላ የደረሱት ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ።

እንግዲህ አንድ የጌም ባለሙያ ሴባስቶፖልን ቢሠራ «ጉልበቱ በዛ፣ እንቀንሰው» ማለት አያስፈልገውም። ጉልበቱን እንዳለ ይተወው፤ ዳገቱን ግን አብሮ ያምጣው! መድፉን ለማንቀሳቀስ ስንት ሰው ከጦሩ ይነሣል? ጎታቹ ምን ይበላል? ያ ሁሉ እህል ከየትኛው ገበሬ ጎተራ ይወጣል? የጋይንት ሰው የመድፉን ዋጋ በዚህ በኩል ነው የሚያውቀው። ሚዛን ማለት ይኸው ነው፤ ኃይሉን ከነዋጋው ማሳየት። ዋጋውን ደብቆ ኃይሉን ብቻ የሚያሳይ ጌም ውሸታም ነው፤ እንደዚያ ያለ ዜናም ያው ነው። በተቃራኒው ደግሞ እኩል እንዲመስል ብሎ ከአንዱ ጋሻ መቀማት ሚዛን አይባልም። ክፍል ውስጥ «ለሁለቱም ወገን እኩል መስመር ስጡ» የሚለውን ብቻ ይዘን የምንወጣ ተማሪዎች ይህን ብናስብበት አይከፋም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለኝ መልሴ ቀላል ነው። የውጭዎቹን መውቀስ አያዋጣም፤ እነሱ ያገኙትን አንብበው ሠርተዋል። ነገ የኮምፒውተር ሳይንስ ጓደኞቻችን የራሳችንን ጌም መሥራታቸው አይቀርም፤ ታሪኩን የሚጽፍላቸው ሰው ሲፈልጉ ደግሞ ወደ እኛ ክፍል መምጣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ምን ይዘን እንቀርባለን? ከጌም የቀዳነውን ሾተል መልሰን ልናቀብላቸው ነው?

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይመለከተናል። በየሠርጉ የምንሰማው ፉከራና ቀረርቶ የመሣሪያ መዝገብ ነው። ፈረንሳዮች ፉዚል ግራ ያሉት ጠብመንጃ በእኛ አፍ ውጅግራ ሆኖ የቆየው በዚሁ ነው። ጋሻ እንዴት ይለፋል፣ ስንት ቀን ይደርቃል፣ በየትኛው እጅና እንዴት ይያዛል የሚለውን ከአባቶቹ የሰማ ሽማግሌ በየቀበሌው ይኖር ይሆናል። እነዚህ አባቶች ደግሞ ሴሚስተር እስኪያልቅ አይጠብቁንም። ስለዚህ ለክረምት እረፍት ወደ ቤት ስንገባ ሞባይላችንን ለዘፈን ብቻ አንክፈተው። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ መሣሪያ፤ መጠየቅ፣ መቅዳት፣ መጻፍ። ጌም ሠሪው ቁጥሩን እሱ ያስተካክል፤ ጋሻውን ግን ማቀበል ያለብን እኛ ነን።

ቸር እንሰንብት!