ሎሚውን ተዉትና መጀመሪያ ጭሱን አውጡ

ሰሞኑን «ሴቶች ረጅም ዕድሜና ጤና እንዲኖራቸው ማድረግ ያለባቸው ነገሮች» የሚል ጽሑፍ ከሦስት አራት ሰው ደረሰኝ። ጠዋት ለብ ያለ ውኃ በሎሚ ጠጪ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኚ፣ አቮካዶ ብዪ፣ ጭንቀት ቀንሺ። ጭንቀት ቀንሺ! ኧረ ለመሆኑ ማን ይጨነቅላት?

ምክሩ ውሸት ነው አላልኩም። እንቅልፍ ለልብም ለአእምሮም ያስፈልጋል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ትእዛዙ በሙሉ ለሷ ነው፤ ባልየው፣ ወንድምየው፣ ጎረምሳ ልጅየው ምንም አልታዘዙም። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ዕቃ አጥባ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ምጣድ የምትጥድ ሴት ስምንት ሰዓት እንድትተኛ ከተፈለገ ሌላ ሰው መነሣት አለበት። ይሄ ሒሳብ ነው።

እስቲ ስለ ምጣዱ እናውራ፤ ምክር ሰጪዎቹ ሁሉ ዘለውት የሚያልፉት እሱን ነውና። አብዛኛው የሀገራችን ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ፣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ከቤት ውስጥ የማብሰያ ጭስ ጋር በተያያዘ ሞቷል። ጭሱ ዓይን አስለቅሶ የሚሄድ አይምሰላችሁ። ደቃቁ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ደም ያልፋል። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰር፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የዓይን ሞራ ሁሉ አብረውት ይመጣሉ። ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ እናት የአጫሽ ሳንባ ይዛ ታረጃለች። ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን ደግሞ ለሳንባ ምች ይጋለጣል።

«እኛ ከተማ ነን፣ የምንጠቀመው ከሰል ነው፣ ጭስ የለውም» የምትሉም አላችሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌላችኋለሁ (ከኋላ ወንበር ስታንቀላፉ ለነበራችሁትም ጭምር)። ያ ለፈተና ብቻ አልነበረም! በር ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ላዩ ላይ እጣን ጨምሮ ቡና ማፍላት፤ ከዚያ «ራሴን አመመኝ» ስትል «ሁለተኛውን ስላልጠጣሽ ነው» ማለት። በቃ መስኮቱን ክፈቱት።

«አያቶቻችን በጭስ ውስጥ ኖረው መቶ ዓመት ሞሉ» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ መቶ የሞሉትን አያት እናስታውሳለን፤ አርባ አምስት ሳይሞላቸው ሲያስሉ ኖረው ያረፉትን ግን «ብርድ መቷት ነው» ብለን ቀበርናቸው፣ ማን ቆጠራቸው?

መፍትሔው የለም እንዳትሉ። መብራት ያለው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ከሌለ ምርጥ ምድጃ የሚባለው አለ። ከአሸዋና ከሲሚንቶ የሚሠራ፣ ዙሪያው የተዘጋ የእንጀራ ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ማገዶ ቀነሰ ማለት ከጫካ የሚመጣው ሸክምም ቀነሰ ማለት ነው፤ ያ ሸክም የማን ወገብ ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ። ጭሱን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ስለዚህ ጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫ ይከፈትለት። ገንዘብ የለም ለሚለኝ ወንድሜ፦ ስልክህን ስንት ጊዜ ቀየርክ?

ደግሞ ጤና ጣቢያ። በሀገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ ይሄ ደግሞ ቀድሞ ከተደረሰበት መከላከል የሚቻል ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶቼ መመርመር አለባችሁ። በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ ውጤቱ እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለባት ሴት ደግሞ ከ25 ዓመቷ ጀምሮ። እዚያው ደም ግፊቷን ትለካ፤ ግፊት ሳይታወቅ ዓመታት ይቆያልና። ለልጃገረዶቹ ክትባቱ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጆችን መከተብ ሲጀመር «ልጄን መካን ልታደርጓት ነው» ብሎ የተቆጣኝ አባት ነበር። ክትባቱ መካን አያደርግም። ማህፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው።

ታዲያ ለምን አትሄድም ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከምርመራው ይልቅ ያቺን ግማሽ ቀን የማግኘት ጉዳይ ነው። ልጁን ማን ይይዝላት? ምሳውን ማን ይሥራ? የቤቱ ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ የተረፈውን የምትበላ ሴት፣ ለራሷ ግማሽ ቀን ከየት ታምጣ? (በነገራችን ላይ ከምግብ ጋር ወዲያው ሻይና ቡና መጠጣት ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ደም ማነስ ያለባት ሴት አንድ ሁለት ሰዓት ታቆየው።)

ስለዚህ ይሄ ፖስት የተጻፈው ለወንዶቹ ነው፣ በተለይ አግብታችሁ ቤት ለያዛችሁት የድሮ ተማሪዎቼ። «ቲቸር ልክ ነህ» ብላችሁ እንዳታልፉ። ምርጥ ምድጃ ያስገባችሁ ካላችሁ የት እንደገዛችሁ፣ በስንት እንደገዛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ኢንቦክስ ለሚጠይቁኝ እናቶች እጠቁማለሁ። ያላስገባችሁ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ወጥ ቤት ገብታችሁ አንድ ሰዓት ቁጭ በሉ።