ከትከሻ ቀዶ ጥገና ምን እንጠብቅ?

በዚህ እትም ስለ ትከሻ እናወራለን። ለቤተሰብ አምድ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በደብረ ብርሃን ሜዳ ኳስ ሲጫወት ወይም በአንኮበር በገና ጨዋታ ወድቆ ትከሻው የወለቀ ባል ቀዶ ጥገና ሲታዘዝለት፣ ጉዳዩ የሚስቱም ነው።

የትከሻ መጋጠሚያ ጥልቀት በሌለው ሰሃን ላይ እንደ ተቀመጠ ኳስ ነው። እጃችን ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቶሎ የሚወልቀውም እንዲሁ። ሲወልቅ ኳሱን የያዘው ጅማት ከሰሃኑ ጠርዝ ይላቀቃል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ያለ ቀዶ ጥገና ወደ ሜዳ ቢመለስ ዳግመኛ የመውለቁ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። ወጌሻን አልንቅም፤ ነገር ግን አጥንቱ ተሰብሮ እንደ ሆነ ራጅ ሳይነሣ መጎተት ነርቭና የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል።

ቀዶ ጥገናው የተላቀቀውን ጅማት ከአጥንቱ ጋር መልሶ ያያይዛል። ዓላማው ትከሻው ዳግም እንዳይወልቅ ነው፤ ያልተነካ አዲስ ትከሻ ግን አይሰጥም። ብዙዎች ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። ሆኖም ክንዱ ወደ ውጭ ሲዞር እንደ ቀድሞው ላይሄድ ይችላል፤ በደንብ ተሠርቶም ዳግመኛ የሚወልቅባቸው አሉ።

ወጣቶቻችን ሙሐመድ ሳላህን ይጠቅሳሉ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በኪየቭ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ትከሻው ተጎድቶ እያለቀሰ ወጣ፤ በሰኔ በዓለም ዋንጫ ሩሲያ ላይ ግብ አገባ። እርሱ ግን ቀዶ ጥገና አልተደረገለትም! ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ክንዱ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይታሰራል። ከባድ ነገር ማንሣት ከሦስት ወር በፊት አይታሰብም፤ ግጭት ያለበት ጨዋታ ደግሞ ስድስት ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠብቃል።

እህቴ ሆይ፣ እነዚያ ሳምንታት በቤትሽ ያልፋሉ። ሸሚዙን የምትቆልፊለት አንቺ ነሽ፤ ሲለብስ የታመመው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቅ ይከተል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በትራስ ተደግፎ ከፍ ብሎ መተኛት ይቀለዋል። ያንን ከባድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አጥበሽ ስትጨምቂ ቆሞ ቢያይሽ ሰነፈ አትበዪ። አንተም ወንድሜ፣ ያልታሰረው እጅህ ቡና መቁላት ይችላል። ከአንኮበር እየተመላለሰ ፊዚዮቴራፒ ለሚከታተል ሰው መጓጓዣው ራሱ ወጪ ስለሆነ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙን አብራችሁ ጠይቁ፦ ስንት ጊዜ እንመለሳለን? የትኛውን እንቅስቃሴ በቤት እንሥራ? ያለ እንቅስቃሴው ትከሻው ይደርቃል፤ ገንዘቡም ድካሙም በከንቱ ይቀራል።

ስለ ቤተ ክርስቲያንም ልናገር። «ጌታ ፈውሶሃል፣ ማሰሪያውን ጣለው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስለ ፈውስ እንጸልያለን፤ እኔም አምናለሁ። ያዕቆብ ግን ከጵኒኤል በረከቱን ይዞ ሲወጣ ያነክስ ነበር (ዘፍ. 32)። ደግሞም ክንድን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ መግፋት ትከሻ በቀላሉ የሚወልቅበት አቋም ነው፤ በአምልኮ ሰዓት እጃችንን ስናነሣ ወደዚያው እንቀርባለን። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ አንድ እጅ ይበቃል።

ወንድሞች፣ ከጉባኤው በኋላ ስትገናኙ ትከሻ ለትከሻ የምትጋጩትን ሰላምታ በደህናው በኩል አድርጉለት።