ካሳ፣ የማን ምትክ ነህ?

ካሳ የሚባል ሰው የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ። ራሱ ካሳ ባይባል አባቱ ካሳ ነው፤ አባቱ ባይሆን አያቱ። ካሳሁን፣ ካሳዬና ካሳነሽ ሲጨመሩበትማ ካሳ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። አንዳንዱ በእሳቱ “ሳ”፣ አንዳንዱ በንጉሡ “ሣ” ይጽፈዋል፤ ትርጉሙ ግን ያው ነው። ታዲያ ይህን ስም እንዲህ አዘውትረን ስንጠራው፣ “ለመሆኑ የምን ካሳ ነው?” ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? የዛሬው ክርክሬ ጥያቄውን ሳይመሽ እንጠይቅ የሚል ነው።

ከትርጉሙ እንነሳ። መካስ የጠፋውን መተካት፣ የጎደለውን መሙላት ነው። ዳኛ ለተበደለ ካሳ ይፈርዳል። የገዳይ ወገን ለሟች ወገን የደም ካሳ ከፍሎ ይታረቃል። ዛሬ ባሕር ዳር ዙሪያ “ካሳ” ሲባል ቶሎ ጆሮ የሚገባው ደግሞ የመሬት ካሳ ነው። ከተማው በሰፋ ቁጥር ማሳው የተነሳበት ገበሬ ስለ እሱ ያወራል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም የወጣው ለዚሁ ጉዳይ ነው። በሁሉም ውስጥ አንድ የጠፋ ነገርና አንድ ከፋይ አለ።

ስም ሲሆን ግን ከፋዩ እግዚአብሔር ነው። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥላ የወለደችውን “ካሳ” ትለዋለች። አንዳንዴ የጠፋው ልጅ ሳይሆን የሕፃኑ አባት ወይም አጎት ይሆናል፤ አንዳንዴም ቤተሰቡ ያየው ሌላ መከራ ነው። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው፦ ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ፋንታሁን፣ ማስረሻ። እነዚህ ስሞች አንድ ሠፈር ቢሆኑም አንድ ቤት አይደሉም። ማስረሻ የሚለው ስም ኀዘኑ እንዲረሳ ይለምናል። ካሳ ግን አይረሳም። “አንድ ጠፍቶብኝ ነበር፣ አሁን ተከፈለኝ” ብሎ ሒሳቡን በልጁ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል።

በዚህ ስም ሁለት ነገሥታት አድገዋል። የመጀመሪያው የጣና ምዕራብ ሰው ነው፤ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ የተወለደው ካሳ ኃይሉ። በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ “መይሳው ካሳ” ማለቱን አልተወም። ሁለተኛው የትግራዩ ካሳ ምርጫ ነው፤ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ሲጭን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆነ። በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ሁለት ካሳዎች ነግሠዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ልጁን በጀግና ስም ለመጥራት ሲል ካሳ ያለ ወላጅ ቢኖር አይገርምም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ካሳ ጀርባ የግድ ሞት አለ እያልኩ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ሌላ አገር ልውሰዳችሁና ልመልሳችሁ። ፖላንድ ውስጥ ከሁሉም የበዛው የቤተሰብ ስም ኖቫክ ነው። “አዲስ ሰው”፣ “አዲስ መጤ” እንደ ማለት ነው፤ ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰው ይጠራበታል። ከነዚህ ሰዎች አንዱም ግን መጤ መሆን አይጠበቅበትም። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው መንደር ቀየረ፣ ጎረቤት “አዲሱ” አለው፣ ስሙም ለልጅ ልጅ ልጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ደረሰ። ስሙን ያበዛው ውርስ ነው።

የእኛ ስም እንዲህ አይወረስም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይናገራል፤ እኛ ግን ዛሬም በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም እንጠራለን። የአንድ ሰው ስም መጀመሪያ የራሱ ነው፤ ቀጥሎ የልጆቹ አባት ስም፣ ከዚያ የልጅ ልጆቹ አያት ስም ይሆንና ከመታወቂያ ላይ ይወርዳል። ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉን እንውሰድ። ልጃቸው ልዑል ራስ አስራተ ካሳ ነበሩ። ጀርመን የሚያውቃቸው ደራሲው የልጅ ልጃቸው ደግሞ አስፋ ወሰን አስራተ ናቸው። በሁለት ትውልድ ካሳ ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ ወርዷል።

እንግዲህ አስቡት። በየሦስት ትውልዱ እየወረደ የሚጠፋ ስም በየሰፈሩ እንዲህ የበዛው እንዴት ነው? በየጊዜው እንደ አዲስ እየተሰየመ ነዋ! የኖቫክን ስም ያበዛው መዋለድ ነው። የካሳን ስም ያበዛው ደግሞ፣ በአብዛኛው፣ መቅበር ነው።

የጣና ዳርቻ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ሐይቁ ዓሣና ውሃ ብቻ ሳይሆን ወባም አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከሐይቁ ሰሜን ያለውን የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ መታው፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ወረርሽኙ የአገሪቱን ሰፊ ክፍል አዳረሰ፤ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። እነዚያ ሕፃናት መሞታቸውን የጻፈ መዝገብ የት አለ? የልደትና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ እናቶች መዝገቡ ቀጥሎ የተወለደው ልጅ ነበር።

ዛሬስ? እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ደርሷል። በኔ ዕድሜ ያሉ ወላጆች ልጃቸውን ካሳ ሲሉ አልሰማም፤ ናታንና ሶሊያና እንጂ። አንዳንዶች ይህን ባህል መጥፋቱ ነው ብለው ያዝናሉ። እኔ አላዝንም። “ካሳ” ለማለት ምክንያት ያጣች እናት እሰየው ነው የሚያስብላት። ደግሞም ስሙ ለልጁ ሸክም ነው ለሚሉኝ መልስ የለኝም፤ አንድ ሕፃን ያላየውን ወንድሙን ዕድሜ ልክ ተሸክሞ መዞሩ ቀላል ነገር አይደለም። ስሙን መልሱት አልልም።

የምለው ሌላ ነው። ስሙ ሲወርድ ታሪኩ አብሮ እንዳይወርድ። ውጭ አገር የሚኖሩት ወገኖቻችን ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። እዚያ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የአባት ወይም የአያት ስም ይሞላል፤ ካሳም እንደ ኖቫክ ሳይለወጥ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ቀን ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የተወለደ ልጅ “ካሳ ማለት ምንድን ነው?” ሲባል “የቤተሰባችን ስም ነው” ብሎ ያልፋል። እኛ ጋ ስሙ ይጠፋል፣ እነሱ ጋ ትርጉሙ። የሟቹን ሕፃን ስም የሚያውቀው ግን እዚህም እዚያም አንድ ሰው ነው፦ አያት። አያት ደግሞ አይጠብቁም።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን የተነሳው ግጭት ስንት ቤት ልጅ አልባ እንዳደረገ የምታውቁት ነው። የሕፃናት ሞት መቀነስ ያስቀረውን ስም ጥይት መልሶ እንዳያመጣው እሰጋለሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ አስተማሪ ስም ሲጠራ ካሳ፣ ምትኩና ማስረሻ ተከታትለው “አቤት” ቢሉ፣ የዚህን ዘመን ሒሳብ ያኔ እንሰማዋለን።

እስከዚያው ግን አንዲት ቀላል ነገር እለምናችኋለሁ። ስማችሁ ውስጥ፣ የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ስም ውስጥ ካሳ፣ ምትኩ ወይም ፋንታሁን ካለ ደውሉ። አያት ካሉ አያትን፣ ከሌሉ ታላቅ አክስትን። “በማን ፋንታ ነው?” በሉ። ሲነግሯችሁ የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ዘመንና ምን እንደገደለው ደብተር ላይ ጻፉት። መልሱ “አይ፣ እንዲሁ በጀግና ስም ነው” ከሆነም ደስ ይበላችሁ። ካልሆነ ግን የትም ያልተመዘገበ አንድ ሰው መዘገባችሁ።